በአንድና በሁለት መካከል

የባሕረ ሐሳብ መምህራን ዕለትን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስን በ60 ካልዒት እየከፈሉ፣ በሣልሲት፣ በራብዒትና በኀምሲት አልፈው ሳድሲት ላይ ሲደርሱ፣ አንዱ ዕለት 46,656,000,000 ክፍል ይሆናል፤ ለዘመን ቆጠራም ከዚህ የረቀቀ መስፈሪያ ስለማያስፈልግ ክፍፍሉ እዚያ ላይ ያርፋል። የሥነ ቊጥር ሊቃውንት ግን በሁለት ቊጥሮች መካከል ያለውን ርቀት ማለቂያ በሌለው ክፍፍል ይከታተሉታል፤ ከአከፋፈሎቹም ሁሉ ቀላሉ፣ ርቀቱን ከመካከሉ ለሁለት መክፈል፣ እጅግ ፍሬያማ ሆኖ ተገኝቷል።

ራሱን በራሱ ሲያባዙት 2 የሚሰጠውን ቊጥር እንፈልግ። 1 በ1 ቢባዛ ያው 1 ነውና ያንሳል፤ 2 በ2 ቢባዛ 4 ነውና ይበልጣል፤ ስለዚህ የምንሻው በሁለቱ መካከል ተሰውሯል። መካከለኛው 1.5 በራሱ ሲባዛ 2.25 ስለሚሆን የላይኛውን እኩሌታ ትተን የታችኛውን እንይዛለን፤ የዚያ መካከለኛ 1.25 ደግሞ 1.5625 ብቻ ስለሚሰጥ አሁን የሚጣለው የታችኛው ነው። ቀጥሎ 1.375 ሲባዛ 1.890625 ሆኖ ያንሳል፣ 1.4375 ሲባዛ 2.06640625 ሆኖ ይበልጣል፤ እነሆ በአራት ክፍፍል ብቻ የተፈለገው ቊጥር የቀድሞው ርቀት አንድ ዐሥራ ስድስተኛ በሆነች ስፍራ ተከበበ። በ10ኛው ክፍፍል ስፍራዋ ከ1,024 አንድ እጅ፣ በ20ኛው ከ1,048,576 አንድ እጅ፣ በ36ኛውም ሳድሲት ከዕለት ካላት ድርሻ የቀጠነች ትሆናለች። በየደረጃው የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ፣ ይኸውም «ያንሳል ወይስ ይበልጣል?» የሚል መሆኑ ለእኔ ሁልጊዜ የሚደነቅ ጥበብ ነው።

ይህን አከፋፈል ከስሌት መሣሪያነት ወደ ማስረጃነት ከፍ ካደረጉት አንዱ የፕራጉ ካህንና የሃይማኖት መምህር በርናርድ ቦልዛኖ ነው። ሳይቋረጥ የሚለዋወጥ መጠን ከዜሮ በታች ተነሥቶ ከዜሮ በላይ ከደረሰ፣ በመንገዱ ላይ ዜሮን መንካቱ በሥዕል ለተመለከተው ሁሉ ግልጽ ይመስላል፤ ቦልዛኖ ግን ዓይን ያየውን ልቡና በቊጥር ብቻ ሊያረጋግጠው ይገባል ብሎ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1817 ዓ.ም. ባሳተመው ድርሰት ርቀትን ደጋግሞ በማጋመስ አስረዳ። ከአራት ዓመት በኋላም በፓሪስ ኦጉስተን ሉዊ ኮሺ ርቀቱን በእኩል ክፍሎች እየከፋፈለ ያንኑ አሳየ።

ሁለቱም ሳይፈቱት ያለፉት ጥያቄ ግን ነበረ። ከላይ ያገኘናቸው መካከለኛ ቊጥሮች ሁሉ ክፍልፋዮች ሲሆኑ የተፈለገው ከክፍልፋይ ወገን አይደለም፤ ታዲያ እየጠበበች የምትሄደው ስፍራ የምትከበው ቊጥር በእርግጥ ይኖራልን? ሪቻርድ ዴዴኪንድ በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1872 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ክፍልፋዮችን ሁሉ በታችና በላይ በሁለት ወገን ለይቶ፣ እንዲህ ያለው ድንበር ሁሉ አንድ ቊጥርን እንደሚያቆም ደነገገ።