ካርቱምን የሚያመላልሱት ሐፍላዎች

በተለምዶ ካርቱም የምንላት ከተማ በእርግጥ ሦስት ናት። ከጣና የሚወርደው ጥቁር ዓባይ ከደቡብ ከሚመጣው ነጭ ዓባይ ጋር የሚቀላቀለው እዚያ ነው። በሁለቱ ወንዞች መካከል ካርቱም፣ ከነጭ ዓባይ ማዶ በስተምዕራብ ኦምዱርማን፣ ከጥቁር ዓባይ ማዶ በስተሰሜን ደግሞ ባሕሪ ተቀምጠዋል። መሥሪያ ቤቱ፣ ባንኩ፣ ሆስፒታሉና ዩኒቨርሲቲው በብዛት የተሰበሰበው ካርቱም መሀል ስለነበር፣ የኦምዱርማንና የባሕሪ ሰው ጠዋት ወንዝ ተሻግሮ ይመጣ፣ ማታ ተሻግሮ ይመለስ ነበር። የዚህ ከተማ ትራንስፖርት ድልድይ ካልተጠቀሰ አይገባም።

ድልድይ ባልነበረበት ጊዜ ሕዝቡ በጀልባና በእንፋሎት መርከብ ይሻገር ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዞች ካርቱም ላይ በእንፋሎት የሚጎተት ትራም ዘረጉ። በ1920ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በነጭ ዓባይ ላይ የብረት ድልድይ ሲሠራ ደግሞ የኤሌክትሪክ ትራም ድልድዩን አቋርጦ ኦምዱርማን ገባ። ወንዝ ተሻግሮ ሥራ መዋል የዕለት ተዕለት ነገር የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። ትራሙ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቀረ፤ ቦታውንም መኪና ወረሰው። በወንዞቹ መገናኛ ላይ ያለችው ቱቲ ደሴት ብቻ እስከ 2009 ድረስ ድልድይ ስላልነበራት ነዋሪዎቿ ለሥራም፣ ለሕክምናም፣ ለገበያም ውኃ ላይ መውጣት ነበረባቸው።

ዛሬ ካርቱም ውስጥ ሰው የሚጓዝበት ዋናው ተሽከርካሪ ሐፍላ ነው። የእኛን ቅጥቅጥ አውቶቡስ የሚያህል፣ በአብዛኛው ቶዮታ ኮስተር ወይም ሚትሱቢሺ ሮዛ ነው። ወንበሩ ሞልቶ ሰው ሲበዛ መተላለፊያው ላይ የሚታጠፉት ትንንሽ መቀመጫዎች ይዘረጋሉ። ከኋላ ያለው መውረድ ሲፈልግ እነዚያ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ተራ በተራ ተነሥተው መንገድ መልቀቅ አለባቸው። ረዳቱ ኩምሳሪ ይባላል። ሒሳብ ሲሰበስብ ጣቱን እያጮኸ ያልፋል፤ ተሳፋሪውም ለመውረድ ሲፈልግ እንዲሁ ጣቱን ያጮሃል። አዲስ አበባ ላይ «ወራጅ አለ!» ብሎ መጮህ የለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ግራ ይገባዋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ገንዘብህን አውጥተህ ስትዘረጋ ኩምሳሪው «ተከፍሏል» ይልሃል፤ ከፊት የተቀመጠ የሚያውቅህ ሰው ድምፁን ሳያሰማ ከፍሎልህ ነው። ሱዳኖች በዚህ አይታሙም።

ሐፍላው የሚደርስበት ሰፈር ላይ ራክሻ (ባጃጅ) ይቀበላል። ብቻውን መሄድ የፈለገና ገንዘብ ያለው አምጃድ የሚባለውን ትንሽ ቫን ይኮናተራል። መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ደግሞ ተርሒል የሚሉት የራሳቸው ሰርቪስ አላቸው።

የሐፍላው ባለቤት መንግሥት አይደለም፣ ትልቅ ኩባንያም አይደለም። ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው አንድ መኪና፣ ቢበዛ ሁለት ይኖረዋል። እዚህ ላይ ነው የሥርዓቱ ጥንካሬም ድክመትም የሚታየው። ነዳጅ ሲወደድ፣ ጎማና መለዋወጫ ሲጠፋ ሸክሙ በቀጥታ የሚያርፈው ባለመኪናው ላይ ነው፤ እሱም በተሳፋሪው ላይ ያወርደዋል። መንግሥት የወሰነውን ታሪፍ በግልጽ መጨመር ካልቻለ መስመሩን ይቆርጠዋል። አንድ ጉዞ የነበረውን ግማሽ መንገድ ላይ ያራግፍና ሌላ ሐፍላ ያስይዛል፤ ተሳፋሪው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ይህ ማቆራረጥ የካርቱም ሰው ዋነኛ እሮሮ ነበር።

መንግሥት እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ2010ዎቹ መጀመሪያ የካርቱም ግዛት አስተዳደር ትልልቅ አውቶቡሶችን አስገባ። ሕዝቡ የግዛቱን ገዥ ማዕረግ አስታኮ «የዋሊ ባስ» አላቸው። ነገር ግን ጊዜው ክፉ ነበር። በሐምሌ 2011 ደቡብ ሱዳን ስትገነጠል ከአገሪቱ ነዳጅ ሦስት አራተኛ ያህሉ አብሮ ሄደ፤ የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፤ የአሜሪካ ማዕቀብም ገና አልተነሣም ነበር። መለዋወጫ በዶላር ነው የሚገዛው። ብዙዎቹ የዋሊ ባሶች ተበላሽተው ቆሙ፤ ከተማዋም መልሳ በሐፍላ ትከሻ ላይ ወደቀች። በመስከረም 2013 መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ሲቀንስ ካርቱም በተቃውሞ ተናወጠች፤ ብዙ ወጣቶችም በጥይት ሞቱ። በሰኔ 2021 ድጎማው ከቤንዚንና ከናፍጣ ላይ ሙሉ በሙሉ ተነሣ። የትራንስፖርት ዋጋ እዚያ አገር የፖለቲካ ጉዳይ ሆኖ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የመስመሮቹ አሠራር ነው። መስመሩ ሁሉ ወደ አንድ መሀል ይሰበሰብ ነበር፤ ወደ ሱቅ አል‑ዓረቢ ገበያ ዙሪያ፣ ወደ ጃክሰንና ወደ ሌሎቹ መናኸሪያዎች። ከምሥራቅ ሐጅ ዩሱፍ ተነሥቶ በደቡብ ወደ ከላክላ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ መሀል ከተማ ገብቶ ሌላ መኪና ይይዛል። ሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ጃክሰን የቆመው ሕዝብ ሐፍላው ገና ሳይቆም በመስኮት ጭምር ይገባ ነበር። ሴቶችና አረጋውያን በዚያ ግፊያ ውስጥ የሚያዩት መከራ ቀላል አልነበረም።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ሲጀመር መጀመሪያ የተመታው ይኸው መሀል ነው። ቤተ መንግሥቱ፣ የጦሩ ጠቅላይ መምሪያ፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ገበያው ሁሉም እዚያ ነበሩ። ከደቡብ ካርቱሙ የአገር አቋራጭ መናኸሪያ ከሚና ባሪ፣ ሕዝቡ በተገኘው አውቶቡስ ወደ ወድ መደኒ፣ ወደ ገዳሪፍና ወደ ፖርት ሱዳን ፈሰሰ፤ ዋጋውም በብዙ እጥፍ ናረ። ካርቱም ዴም ሰፈርና ጀሬፍ ይኖሩ ከነበሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ በገዳሪፍና በገላባት አድርገው መተማ የገቡት በእነዚህ መኪናዎች ነው። በኅዳር 2023 ኦምዱርማንን ከባሕሪ ያገናኝ የነበረው የሸምባት ድልድይ ፈረሰ፤ ሁለቱ ወገኖችም እርስ በርስ ተወነጃጀሉ።

በጦርነቱ ጊዜ የከተማዋ ትራንስፖርት በአንጻራዊነት የቀጠለው በኦምዱርማን ሰሜናዊ ክፍል፣ በከረሪ ነበር። ሳብሪን ገበያ አካባቢ ሐፍላዎች ሰው እየጫኑ፣ ራክሻዎች እየተሯሯጡ መሀል የሌለው ከተማም መንቀሳቀስ እንደሚችል አሳዩ። የሱዳን ጦር በመጋቢት 2025 መሀል ካርቱምን፣ በግንቦት ደግሞ መላ ግዛቱን መልሶ ከያዘ በኋላ ተፈናቃዮች ቀስ በቀስ ወደየቤታቸው መመለስ ጀምረዋል።

የሚመለሰው ሰው ግን መኪና ይፈልጋል፣ የባለመኪናው ሀብት ደግሞ ተዘርፏል። እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያው ገንዘብ ለትልቅ ተርሚናል ባይውል እመርጣለሁ። መኪናውን ያጣ የሐፍላ ባለቤት በረጅም ጊዜ ብድር ሌላ ይግዛ፤ በምትኩም መስመሩን ላለመቁረጥ ይፈርም። ሐጅ ዩሱፍን በሶባ ድልድይ አድርጎ ከደቡብ ካርቱም ሰፈሮች ጋር የሚያገናኝ፣ መሀል ከተማን ጨርሶ የማይረግጥ ቀጥታ መስመርም አሁኑኑ ሊጀመር ይችላል፤ ለዚያ የሚያስፈልገው መኪናና ናፍጣ ነው።