በነጭ ዓባይ ላይ በጎማ ጀልባ ስለ መጓዝና በደን ውስጥ ስለ ማደር

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ካለቀ በኋላ እኛ ስምንት ተማሪዎች ከጂኦግራፊ መምህራችንና ከአንድ ተማሪ አባት ጋር ሆነን ወደ ዩጋንዳ ለመሄድ አስበናል። አሳባችንም በጂንጃ ከተማ አጠገብ በነጭ ዓባይ ላይ ሁለት ቀን በጎማ ጀልባ ለመጓዝና በመካከሉ አንዲት ሌሊት በወንዙ ደሴት ላይ ባለ የደን ሎጅ ለማደር ነው። ነገሩ በትምህርት ቤቱ ከተሰማ ወዲህ ጠያቂያችን በዝቷል። አንዳንዶቹ «እንዴት ያለ ደስታ ነው!» ሲሉ፣ ሌሎቹ ግን፣ ይልቁንም የመፈረሚያው ወረቀት የደረሳቸው ወላጆች፣ «ልጆቹ አብደዋል ወይ?» ይላሉ። ዝግጅቱን እንድከታተል የተመረጥሁት እኔ ስለ ሆንሁ፣ ጉዞው እንዴት እንደሚታሰብና እንደሚሰናዳ በዚህ መጽሔታችን መግለጽ ተገቢ መስሎ ታየኝ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «አገራችን ወንዝ አጥታ ነውን?» የሚል ነው። አላጣችም። በ1968 የእንግሊዝ የጦር መኮንን የነበረው ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የመራው ጓድ በታላቁ የዓባይ ሸለቆ በጎማ ጀልባ ወርዷል፤ ከጓዱም አንድ ሰው ገባር ወንዝ ሲሻገር ውሃ ወስዶት ሞቷል። በ1973 ደግሞ ሪቻርድ ባንግስ የሚባል አሜሪካዊና ባልንጀሮቹ በአዋሽና በኦሞ ላይ ወርደዋል። ድርጅታቸውንም በጥንት ግብፆች የአዞ አምላክ ስም ሶቤክ ብለው ሰይመውታል፤ ከስያሜው ብቻ ምን ምን እንደ ፈሩ መገመት ይቻላል። ከእነዚህ ወንዞች ኦሞ፣ የግልገል ጊቤ ሦስተኛው ግድብ በ2016 ከተመረቀ ወዲህ፣ የሸለቆው ረጅም ክፍል ሐይቅ ሆኗል። የዓባያችን ሸለቆ ደግሞ እጅግ ጥልቅ ነው፤ ብዙውም ስፍራ መንገድ የለውም። እዚያ አንድ ሰው እግሩን ቢሰበር ወደ ሐኪም የሚያደርሰው የባልንጀሮቹ ትከሻ ብቻ ነው። ስለዚህ ለጀማሪ የሚሻለው መንገድ ከወንዙ ዳር የማይርቅበት፣ አዳኞችም ሥራቸውን በየዕለቱ የሚለማመዱበት ስፍራ ነው። ጂንጃን የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ የውጭ አገር ናፍቆን አይደለም። (ይህን የምለው ስለ ራሴ ነው፤ ስለ ሁለት ባልንጀሮቼ ግን አልምልም።)

ሁለተኛው ምክንያት የውሃው ጠባይ ነው። የኛ ዓባይ በክረምት ይሞላል፤ በበጋ ይጎድላል። ነጭ ዓባይ ግን ከቪክቶሪያ ሐይቅ ስለሚወጣና ሐይቁም እንደ ታላቅ ጋን ውሃውን በልክ ስለሚያወርደው፣ ዓመቱን ሙሉ ብዙም ሳይለዋወጥ ይፈሳል። በሰከንድ የሚወርደው ውሃ አንድ ሺህ ሜትር ኩብ ያህል ነው። ይኸው ውሃ በካርቱም ከኛው ዓባይ ጋር ይገናኛልና እንግድነታችን ያን ያህል አይደለም።

አሁን አረፋው የሚነጣበት ወራጅ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፤ ከዝግጅቱ ሁሉ እኔን በጣም ደስ ያሰኘኝ ይህን መማሩ ነበርና። ውሃ በተዳፋት ላይ ሲወርድ በመካከሉ አለት ካለ በላዩ ይዘላል፤ ከአለቱም በታች ጉድጓድ ይፈጠራል። ወደ ጉድጓዱ የወደቀው ውሃ በሥር ሲያልፍ የላይኛው ወደ ኋላ እየተመለሰ ይገለባበጣል። ጀልባ እዚያ ገብታ ፍጥነቷ ካነሰ ውሃው እንደ እጅ ይይዛታል፤ ስለዚህ መሪው «ቅዘፉ!» ሲል መቅዘፍ እንጂ አጎንብሶ መጸለይ አይበቃም። ወንዙን ከላይ ሆኖ ሲያዩት፣ ለስላሳው ውሃ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጎ እንደ ምላስ ከተዘረጋ መንገዱ በዚያ ነው፤ ሹል ጫፉ ወደ ላይ የሆነ እንደ ሆነ ግን ከሥሩ አለት አለ። በወንዙ ጠርዝና ከትላልቅ አለቶች ጀርባ ውሃው ቀስ ብሎ ወደ ላይ የሚመለስበት ጸጥ ያለ ስፍራ ይገኛል፤ ጀልባዎች የሚያርፉትና እርስ በርሳቸው የሚጠባበቁት እዚያ ነው።

ወራጆች ሁሉ በስድስት ደረጃ ይመደባሉ። አንደኛው ሕፃን የሚጫወትበት ነው፤ ስድስተኛው ደግሞ ሰው የማይገባበት ነው ማለት ይቻላል። በጂንጃ ሦስተኛም፣ አራተኛም፣ አምስተኛም ይገኛሉ። ኢታንዳ ከሚባለው ታላቅ ወራጅ ሲደረስ ግን መሪዎቹ ተጓዦቹን ያወርዷቸውና ዋናውን ክፍል በእግር ያዞሯቸዋል። እኔ ይህን ስሰማ ልቤ አረፈ፤ የማይገባበትን ስፍራ ለይቶ የሚያውቅ መሪ በሚገባበት ስፍራ ሊታመን ይችላልና።

ከጀልባ መውደቅ የታወቀ ነገር ነው፤ ከጉዞው ይቆጠራል እንጂ እንደ ልዩ አደጋ አይታይም። ወንዙ ጥልቅ ስለ ሆነ የወደቀ ሰው ከአለት ጋር የሚጋጨው ከጥልቅነት የራቁ ወንዞች ላይ ከሚሆነው ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ማዕበሉ ትልቅ ነውና ጥቂት ሰከንዶች ከውሃ በታች ሊቆይ ይችላል። ሰው ሁሉ የራስ ቁርና የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይለብሳል። ሰደርያው በደንብ ካልጠበቀ ሰውየው ሰምጦ ሰደርያው ብቻ ይንሳፈፋል፤ ስለዚህ መሪው የእያንዳንዱን ትከሻ ይዞ ወደ ላይ እየሳበ ይፈትሻል። የወደቀ ሰው በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሩን ወደ ወንዙ መውረጃ አቅንቶ፣ የእግሩን ጣቶች ከውሃ በላይ አድርጎ መንሳፈፍ ይገባዋል። በሚሮጥ ውሃ ውስጥ ለመቆም መሞከር ፈጽሞ ክልክል ነው፤ እግር በድንጋይ መካከል ከተቀረቀረ ውሃው ሰውየውን በፊቱ ደፍቶ ይይዘዋል። ከጀልባዎቹ ጋር ካያክ በሚባሉ ቀጫጭን ጀልባዎች የሚወርዱ አዳኞች አሉ፤ የእነርሱ ሥራ የወደቀውን ፈጥኖ መድረስ ነው። ዋና የማይችል ሰው ደግሞ አንድ መሪ ብቻውን በረጃጅም መቅዘፊያዎች በሚነዳት በትልቋ የደኅንነት ጀልባ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ከእኛ መካከል ሁለቱ ዋና አይችሉምና እዚያ እንዲቀመጡ ወስነናል። አንደኛው ተቀይሟል፤ ይሁን፣ ይቀየም።

እንግዲህ ለጉዞ ድርጅት ስንጽፍ መጀመሪያ የጠየቅነው የዋጋውን ነገር አልነበረም። ለአንድ ጀልባ ስንት አዳኝ አለ? መሪዎቹ በሚሮጥ ውሃ ውስጥ ሰው ማዳን የተማሩት የት ነው? የመጀመሪያ ርዳታ የሚያውቀው ማን ነው? ከእያንዳንዱ መውጫ እስከ ሆስፒታል ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ግድቡ በዚያ ቀን ምን ያህል ውሃ ይለቃል? ከሁለት ድርጅቶች አንደኛው ለሁሉም ነጥብ በነጥብ መለሰ፤ ሁለተኛው ግን የሚያማምሩ ፎቶግራፎች ላከልን። የመረጥነው የትኛውን እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም።

ግድብ ካነሣሁ ዘንድ ጥቂት ልጨምር። እንግሊዛዊው ስፒክ በ1862 የዓባይን መውጫ ያየበት የሪፖን ፏፏቴ፣ የኦወን ፎልስ ግድብ በ1954 ከተከፈተ ወዲህ በውሃ ተሸፍኗል። ቡጃጋሊ ፏፏቴ በ2012 በተመረቀው ግድብ ሥር ገብቷል፤ በ2019 የተመረቀው የኢሲምባ ግድብም ከታች በኩል ሌሎችን ወራጆች ውጧል። የቀሩት በሁለቱ ግድቦች መካከል ያሉት ናቸው። የኢታንዳና የካላጋላ ፏፏቴዎች ቡጃጋሊ በጠፋበት ምትክ እንዲጠበቁ የዩጋንዳ መንግሥት በ2007 ከዓለም ባንክ ጋር ተስማምቷል። እኔ በዚህ ነገር ሁለት አሳብ አለኝ። በ2025 የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ በደስታ የጮኽን ሰዎች፣ ዩጋንዳ ለምን መብራት ፈለገች ብለን ልንፈርድ አንችልም። ሆኖም የቀረው ወራጅ ሳይጠፋ ለማየት መቸኮሌን አልደብቅም። ርቀቱም ስላጠረ በሁለተኛው ቀን ካለፍንበት ክፍል ጥቂቱን እንደግመዋለን።

ጤናን በሚመለከት ሦስት ነገር አለ። የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ክትባቱም ከመነሻው ቀን ቢያንስ ከአሥር ቀን በፊት መወጋት አለበት። የአዲስ አበባ ልጆች ወባን የምናውቃት በመጽሐፍ ስለ ሆነ እንደ ዋዛ እናያታለን፤ ጂንጃ ግን ወባ አለባት፣ መከላከያውም መድኃኒት ከመሄድ በፊት ተጀምሮ ከተመለሱም በኋላ ይቀጥላል። የትኛው መድኃኒት እንደሚስማማ የሚወስነው ሐኪም ነው። ሦስተኛው ቢልሃርዚያ ነው። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በውሃ ውስጥ እየዋኘ በሰው ቆዳ ይገባል፤ ወንዙን እየጠጣን የምንወርድ ሰዎች ልናመልጠው ማለት ያስቸግራል። በዚህ ነገር ኢትዮጵያውያን ኩራት አለን፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ስፍራ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይተው፣ እንዶድ እንደሚገድላቸው ያረጋገጡ እርሳቸው ናቸውና። እንዶድ ይዘን አንሄድም፤ ነገር ግን ከተመለስን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ሁላችንም እንመረመራለን። ቶሎ መመርመር አይጠቅምም፤ መድኃኒቱ የሚገድለው የጎለመሰውን ትል ነው።

ሎጁ ከጭቃና ከሣር የተሠራ መስሎ የሚታይ፣ በደን የተከበበ ነው፤ ወደ ደሴቱም በታንኳ ይሻገራሉ። ሌሊቱን ሙሉ የፏፏቴው ድምፅ ስለማይቋረጥ እንቅልፍ የሚያስቸግረው ሰው ጥጥ ይያዝ። ዝንጀሮና ጦጣ ከመስኮት ገብተው ምግብ ስለሚወስዱ ሻንጣ ይዘጋል፤ አጎበርም ሳይመሽ ይወርዳል። ከእኛ ጋር ጾመኛም እስላምም ስላለ፣ ረቡዕና ዓርብ ከቅቤና ከሥጋ የራቀ ምግብ፣ ለሙስሊሞቹም ሐላል ሥጋ እንዲሰናዳ አስቀድመን ጽፈናል። አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ፤ በሉጋንዳ ቋንቋ ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ የጧቱ ሁለት ሰዓት ለእነርሱም ሁለት ሰዓት ነው። ድርጅቱ ግን በእንግሊዝኛ ስምንት ብሎ ይጽፋልና መነሻውን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ።

ዕቃ ብዙ አያስፈልግም። ተንሸራታች ነጠላ ጫማ ሳይሆን የሚታሰር ጫማ፣ ቶሎ የሚደርቅ ልብስ፣ የመነጽር ማሰሪያ ክር፣ ከምድር ወገብ አጠገብ ስለምንሆን የፀሐይ ቅባት ይበቃል። ቀለበትና የእጅ ሰዓት ቤት ይቅር። ደረቁ ልብስ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ሆኖ በመኪና ወደ ሎጁ ይሄዳል። ከእንቴቤ አውሮፕላን ጣቢያ እስከ ካምፓላ አርባ ኪሎ ሜትር፣ ከዚያም እስከ ጂንጃ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ በደረስንበት ቀን ወንዝ አንገባም።

ወጪውን በስምንት ወር ከፍለን እያጠራቀምን ነው፤ ዝርዝሩ በመምህራችን እጅ ይገኛል።

እስከ ዛሬ ስድስት ወላጆች ፈርመዋል። እናቴ ገና አልፈረመችም። ይህን ጽሑፍ አንብቤላት በጸጥታ ካዳመጠች በኋላ፣ «ስለ ሰደርያው የጻፍኸውን እንደ ገና አንብበው» አለችኝ። አነበብሁት። ከዚያም «አዳኞቹ ስንት ናቸው?» አለች፤ ለሁለት ጀልባ ሦስት እንደ ሆኑ ከድርጅቱ የመጣውን ደብዳቤ አሳየኋት። ደብዳቤውን አጥፋ ከወረቀቱ ጋር በመሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችውና፣ ቅዳሜ ወደ መዋኛው ስፍራ መጥታ ስዋኝ በዓይኗ ካላየች እስክሪብቶ እንደማታነሣ ነገረችኝ።