የክፍል አለቃው ስም ከመጻፍ ይረፍ

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄድ ሰው የሳነቲን አምባ አቋርጦ ወደ ሐረና ጫካ ሲወርድ ሪራን ያገኛታል። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለች፣ ከብትና ማር የሚያኖራት መንደር ናት። ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ነኝና ስለ እንዲህ ያለ ቦታ ትምህርት ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ዋጋ ነው። እዚያ ልጅ ክፍል የሚገባው ለቤቱ የሚጠቅም ሥራ ትቶ ነው። ክፍለ ጊዜው ከሰሌዳ በመገልበጥ ብቻ ካለቀ፣ ቢቀር ማን ይፈርድበታል?

ታዲያ መምህሩ ምን ያድርግ? «ፕሮጀክተር አምጣ» የሚል ምክር ለሪራ አይሆንም። ጥያቄ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። «ሳነቲ ላይ ውርጭ እየወረደ ሐረና ውስጥ ቡና የሚበቅለው ለምንድን ነው?» ብሎ ይጀምር። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ለትንሽ ደቂቃ ይነጋገሩ። ከዚያ እጅ ያወጣውን ብቻ ሳይሆን ኋላ የተቀመጠችውንም ይጠይቅ። በመጨረሻ 1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ በ6 ዲግሪ ገደማ እንደሚቀንስ ይንገራቸውና 4,377 ሜትር ከፍታ ላለው ቱሉ ዲምቱ ራሳቸው ያስሉት። ጂኦግራፊና ሒሳብ በአንድ ላይ ማለት ይኼ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ አመራር ነው። አብዛኞቻችን የምናውቀው የክፍል አለቃ ሥራው የረባሽ ስም መጻፍ ነበር፤ መስከረም ላይ ተመርጦ እስከ ሰኔ ይቆያል። የኦሮሞ ገዳ ሥርዓት እንኳ ሥልጣንን በየ8 ዓመቱ ያስረክባል። ክፍል ውስጥማ ኃላፊነቱ በየሁለት ሳምንቱ ቢዞር ምን ይከብዳል? አንዱ ውይይት ይምራ፤ ሌላዋ ጓደኞቿ ያልገባቸውን ሰብስባ ለመምህሩ ታድርስ። ዝምተኛውም ተራው ሲደርስ መናገሩ አይቀርም።

«አንድ ለአምስት ነበረን እኮ» የሚል አይጠፋም። ነበረን፤ ግን ብዙ ጊዜ ጎበዙ ይሠራል፣ ሌላው ይገለብጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መምህሩ ከቡድኑ አንዱን በዕጣ አስነስቶ ያስረዳ ይበለው፤ ማርኩም የሁሉም ይሁን። ያኔ ጎበዙ ሌላውን ካላስተማረ ራሱም ይከስራል። ርዕሰ መምህሩም አልፎ አልፎ ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ መምህሩን ለመቆጣጠር ሳይሆን ስንት ተማሪ እንደተናገረ ለመቁጠር።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ውጤት በፈተናው ሳምንት የተፈጠረ አይደለም። ልጆች አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቁ ባለፉባቸው ዓመታት የተጠራቀመ ዕዳ ነው።