የደፉ ከፍታ ስንት ነው?

በመዝናኛ መርከብ ላይ የአንድ ተራ ካቢን በር ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ 60 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። የአዋቂ ሰው ዊልቸር ደግሞ ከጎማ እስከ ጎማ ሲለካ ከ60 እስከ 70 ሳንቲሜትር ይሆናል። በሩ እንደምንም ቢያሳልፍ እንኳ ውስጥ ሌላ ነገር ይጠብቃል። የመታጠቢያ ቤቱ መግቢያ ላይ ውኃ ወደ መኝታው እንዳይፈስ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ደፍ አለ። በእግሩ የሚሄድ ሰው ይህን ደፍ ሳምንት ሙሉ ሲሻገረው ሰንብቶ ከመርከቡ ሲወርድ መኖሩንም አያስታውስም። በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ ሰው ግን ጉዳዩ ሽንት ቤት የመግባትና ያለመግባት ነው። የጉዞ ማስታወቂያዎች ስለ ባሕሩ ሰማያዊነት፣ ስለ እራቱና ስለ ሙዚቃው ገጽ ሙሉ ይጽፋሉ፤ ስለ ደፉ ግን ትንፍሽ አይሉም። ለዚህ ነው ለዊልቸር ተጠቃሚ ካቢን መምረጥ ከሁሉ በፊት የልክ ሥራ ነው የምለው። ዋጋው፣ መስኮቱና በረንዳው ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ። ከካቢኑ ስም አጠገብ “ተደራሽ” የሚል ቃል መጻፉም ከዚህ ሥራ አያድንም።

ይህ አንድ ቃል ስንት ነገር እንደሚሸፍን ለማየት ካርኒቫል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ካቢኖቹን እንዴት እንደሚመድባቸው መመልከት ይበቃል። ለአካል ጉዳተኞች የተዘጋጁት ካቢኖቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። በመጀመሪያው ዊልቸር እንደ ልብ ይዞራል፤ አልጋውም በሁለቱም ጎን ይቀረባል። ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ተደራሽ ይባላል፤ ወደ አልጋው የሚቀረበው ግን በአንድ ጎን ብቻ ነው። ሦስተኛው በከዘራ ወይም በምርኩዝ ጥቂት መራመድ ለሚችሉ የታሰበ ነው። መያዣ ብረቶች ተተክለውለታል እንጂ ዊልቸር እንዲዞርበት ተብሎ አልተሠራም። ስልክ ላይ ያለው ሻጭ ሦስቱንም “ተደራሽ” ቢላቸው አልዋሸም። በአሜሪካ የተደራሽነት መለኪያ መሠረት የበር ክፍተት ቢያንስ 81 ሳንቲሜትር መሆን አለበት፤ ዊልቸር ዙሪያውን እንዲዞር ደግሞ የአንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ባዶ ወለል ያስፈልጋል። እነዚህ ቁጥሮች ለማነጻጸር ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን ዝቅተኛው ልክ ናቸው። የእግር ማሳረፊያው ወደ ፊት ረዘም ላለ የኤሌክትሪክ ዊልቸር ያ ባዶ ወለል ሊጠበው ይችላል። ስለዚህ ሜትሩ መጀመሪያ የሚዘረጋው ቤት ባለው ዊልቸር ላይ ነው። ስፋቱ፣ ርዝመቱና የመቀመጫው ከፍታ ይለካል፤ ለካቢኑ የሚቀርበው ጥያቄ ከዚያ ይወጣል።

መታጠቢያ ቤቱ ላይ ቆም ማለት ተገቢ ነው፤ ጉዞ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነውና። ሻወሩ ዊልቸር እስከ ውስጥ የሚዘልቅበት ደፍ አልባ ወለል ነው ወይስ ገንዳ? ከግድግዳው የሚታጠፍ መቀመጫ አለው? የተቀመጠ ሰው እጁን ዘርግቶ የውኃውን መክፈቻ ይደርስበታል? የሽንት ቤቱ መቀመጫ ከፍታ በአሜሪካው መለኪያ ከ43 እስከ 48 ሳንቲሜትር ነው፤ ከዊልቸሩ መቀመጫ ጋር ምን ያህል ይራራቃል? ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚረሳው ግን አቅጣጫ ነው። በስትሮክ ምክንያት ቀኝ ጎኑ የደከመ ሰው ከዊልቸር የሚሸጋገረው በግራ እጁ ብረት ጨብጦ ነው። ብረቱ በቀኝ በኩል ብቻ የተተከለበት መታጠቢያ ቤት በወረቀት ላይ እንከን ላይኖረው ይችላል፤ ለዚህ ሰው ግን አይሆነውም። ደግነቱ በብዙ መርከቦች በግራና በቀኝ ጎን ያሉት ካቢኖች በመስታወት እንደሚታይ ምስል የተገላበጡ ናቸው። በአንዱ ጎን የማይመች ክፍል ከመተላለፊያው ባሻገር ባለው አቻው ሊመች ይችላል፤ ይህን የሚያውቀው ግን የጠየቀ ብቻ ነው። አልጋውም እንደዚሁ ነው። በማንሻ መሣሪያ ታግዞ የሚተኛ ሰው የመሣሪያው እግሮች ከአልጋው ሥር የሚገቡበት ክፍተት ያስፈልገዋል፤ አንዳንድ የመርከብ አልጋዎች ግን ሥራቸው ድፍን ነው።

“ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሕግ አለ አይደል?” የሚል አንባቢ ይኖራል። አለ፤ ጉልበቱ ግን ልክ አለው። አሜሪካ የአካል ጉዳተኞችን መብት ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ከአሜሪካ ወደቦች የሚነሱት መርከቦች አብዛኞቹ ግን የባሃማስን፣ የፓናማን ወይም የሌላ አገርን ባንዲራ የሚያውለበልቡ ናቸው። “የእናንተ ሕግ እኛን አይገዛንም” የሚለው ክርክር እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን በተባለው የመርከብ ኩባንያ ላይ በቀረበው በዚያ ክስ ከተነሱት መሰናክሎች አንዱ ይኸው በበሮች ዙሪያ ከፍ ብሎ የተሠራው ደፍ ነበር። ፍርድ ቤቱ በአሜሪካ ውኃ ላይ እስካሉ ድረስ የውጭ ባንዲራ የያዙ መርከቦችም በሕጉ ይገዛሉ አለ። ሆኖም ከዓለም አቀፉ የባሕር ላይ ደኅንነት ስምምነት ጋር የሚያጋጭ ወይም ለመርከቡ አደጋ የሚሆን የመዋቅር ለውጥ እንዲደረግ ሕጉ አያስገድድም ሲል ገደብ አኖረ። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ.፣ ካርኒቫል ኮርፖሬሽን ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ባደረገው ስምምነት ለተጎዱ ሰዎች 350,000 ዶላር ካሣ፣ ለመንግሥት ደግሞ 55,000 ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማማ። ከካቢኖቹ 3 በመቶው ተደራሽ እንዲሆኑም ግዴታ ገባ። ቁጥሩን ልብ ይሏል። ሺህ ካቢን ባለው መርከብ ይህ ሠላሳ ክፍል ማለት ነው፤ በሠላሳው ውስጥ ሦስቱም ዓይነቶች ይቆጠራሉ። ሕጉ ክፍሎቹ እንዲኖሩ አድርጓል። የትኛው ክፍል ለየትኛው ሰው እንደሚሆን ግን ሊመርጥ አይችልም።

ሕጉ ለመራጩ የሰጠው ጠቃሚ መሣሪያ ሌላ ቦታ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሚሠራበት የአሜሪካ ትራንስፖርት ሚኒስቴር የመንገደኛ መርከቦች ደንብ፣ መንገደኛው ካቢኑ ለእርሱ የሚሆን መሆኑን ራሱ መመዘን እንዲችል ኩባንያው ክፍሉን በበቂ ዝርዝር እንዲገልጽለት ያዛል። ስለዚህ የበሩን ስፋት የሚጠይቅ ሰው መብቱን እንጂ ውለታ አልጠየቀም። ደንቡ በዚሁ አላበቃም። የዚያው ማዕረግ ሌሎች ካቢኖች ተሸጠው እስኪያልቁ ድረስ ተደራሾቹ ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች እንዲቆዩ፣ የሚይዛቸውም ሰው እንደሚያስፈልጉት እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። ይህ የተደነገገው በከንቱ አይደለም። እነዚህ ክፍሎች በተመሳሳይ ዋጋ ሰፋ ስለሚሉ ጤነኛው መንገደኛም ዓይኑን ይጥልባቸዋል። ለሻንጣው ማስቀመጫ ብሎ ከሠላሳው አንዱን የሚወስድ ሰው ሌላውን ከጉዞው እንዳስቀረ ቢያውቅ ደግ ነበር። በከዘራ የሚሄድም ቢሆን ሦስተኛው ዓይነት የሚበቃው ከሆነ የመጀመሪያውን ባይዝ መልካም ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ የተለመደ ነው። “መርከብ ላይ ክፍሉ ለመኝታ ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ውጭ ስለምንውል ርካሹን ይዘን ዊልቸሩን አጣጥፈን እንገባለን” ይባላል። ሁለት እርምጃ መራመድ ለሚችል፣ ባሕሩም ጸጥ ላለለት ሰው ይህ ያስኬድ ይሆናል። ነገር ግን መርከብ ሆቴል አይደለም፤ ወለሉ ይነቃነቃል። በቤቱ ግድግዳ ይዞ ሦስት እርምጃ የሚራመድ ሰው ሌሊት ሞገድ ሲነሣ ያንኑ ማድረግ መቻሉ አያስተማምንም። በጠባቡ ክፍል ያልገባ፣ ተቀምጠው የሚነዱት የኤሌክትሪክ ስኩተር ደግሞ መተላለፊያው ላይ አይቆምም። ኮሪደር በእሳት አደጋ ጊዜ መውጫ ስለሆነ መርከበኞች ያነሱታል፤ ባትሪውም የሚሞላው ካቢን ውስጥ ነው። የክፍሉን ቦታ ምረጥልን ብሎ ለኩባንያው በመተው የሚገኘው ቅናሽም ለዊልቸር ተጠቃሚ አይሆንም። የመርከቡ መነቃነቅ ቀለል የሚለው በመርከቡ ወገብ፣ በታችኞቹ ፎቆች ነው። ከሊፍት መራቅም በረጅም ኮሪደር ምንጣፍ ላይ ዊልቸር ለሚገፋ ክንድ ከባድ ነው። በአደጋ ጊዜ ሊፍቱ ስለሚቆም የመሰብሰቢያው ቦታ በየትኛው ፎቅ እንደሆነና ሠራተኞቹ በደረጃ እንዴት እንደሚያወርዱ ቀድሞ ማወቅም ያስፈልጋል።

ጥሩ ካቢን ከመርከቡ መውረድን አያረጋግጥም። እንደ ሳንቶሪኒና ግራንድ ኬይማን ባሉ ቦታዎች መርከቡ ከባሕር ዳር ርቆ ይቆምና መንገደኛው በትንሽ ጀልባ ይወሰዳል፤ ዊልቸር ወደዚያ ጀልባ መሸጋገሩ በሞገዱና በመርከቡ መሣሪያ ይወሰናል። በየወደቡ መርከቡ ባሕር ዳር ተጠግቶ እንደሚቆም ወይም እንደማይቆም ካቢኑ ከመያዙ በፊት ይጠየቅ።

የመጨረሻው ተቃውሞ በሕግም በዋጋም የሚመለስ አይደለም፤ የይሉኝታ ነው። በዋሽንግተንና በሜሪላንድ አካባቢ የሚኖሩ የኛ ሰዎች ለመዝናኛ መርከብ የሚቀርባቸው የባልቲሞር ወደብ ነው። ወላጆቻቸውን ይዘው ለመሄድ ሲያስቡ ከእናት ወይም ከአባት የሚሰሙት መልስ አይጠፋንም፦ “ልጄ፣ ለእኔ ብለሽ ሰው አታስቸግሪ፤ ለአንድ ሳምንት እንደምንም እችለዋለሁ።” ልጅም ይህን ሰምታ ቅጹ ላይ የችግሩን ግማሽ ትጽፋለች። ግማሽ የተነገረው ኩባንያ ደግሞ ግማሽ ይዘጋጃል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2012 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ መንገደኛው የተለየ የመኝታ ፍላጎቱን የሚያውቀው ከሆነ ገና ቦታ ሲይዝ እንዲያሳውቅ የሚጠይቀው ለዚህ ነው፤ መርከቡ ከተነሣ በኋላ ግድግዳ አይሰፋም። እማማ በየትኛው እጃቸው እንደሚደገፉ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሱ መናገር ገበናን ማውጣት አይደለም። ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት የካቢኑንና የመታጠቢያ ቤቱን በሮች ስፋት፣ የደፉን ከፍታ፣ የመያዣ ብረቱን ጎንና የአልጋውን ከፍታ በጽሑፍ ይጠይቁ። የሚያገኙት መልስ “አይጨነቁ፣ ይመቻል” ብቻ ከሆነ ካቢኑን አይያዙት።