ስለ መንዝ ጓሳና ስለ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ

አውሬ እንዳይገደል ማወጅ መልካም ነው፤ ነገር ግን ማደሪያው ከታረሰና ከተጋጠ አዋጁ ብቻውን አያድነውም። ለዚህም የመንዝ ጓሳ ምስክር ነው።

ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የሣር አገር ነው። ስሙን ያገኘው ለቤት ክዳንና ለገመድ ከሚሆነው ከጓሳ ሣር ነው። በሣሩ ውስጥ አይጥና ፍልፈል ይራባሉ፤ በነርሱም ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም አይገኝም፤ ለአካለ መጠን የደረሰውም በሞላ አገሩ ቢቈጠር 500 አይሞላም።

አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ጥንት አገሩን እንደ ተካፈሉት ይነገራል። ዘሮቻቸውም ቄሮ በሚባል ሥርዓት፣ በመረጡት አባ ቄራ እየተመሩ፣ ሣሩን ከ3 እስከ 5 ዓመት ዘግተው ያሳድጉት ነበር፤ ሲደርስም ቀን ተቈርጦ ይታጨድ ነበር፤ ያለ ጊዜው የገባ ይቀጣ ነበር። ይህን ማድረጋቸው ለጣራቸውና ለከብታቸው እንጂ ለቀበሮው ብለው አይደለም፤ ነገር ግን ሣሩ ሲጠበቅ አይጡ መጠጊያ አገኘ፤ አይጡ ሲበዛም ቀበሮው አልተራበም።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቄሮም አብሮ ቀረ። የሁሉ የሆነው ሣር ጠባቂ ስላጣ ይመናመን ጀመር። ኋላ ግን ሽማግሌዎች ከገበሬ ማኅበራት ጋራ ተመካክረው፣ የአቅኚ ዘር ያልሆነውንም ነዋሪ የሚጨምር አዲስ ደንብ አቆሙ፤ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህም የአማራ ክልል ሥፍራውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ አጸናው።

ሆኖም ሣር ቢጠበቅም ሌላ ጥፋት አለ፤ ይኸውም እረኛን ተከትሎ የሚወጣ ውሻ የሚያመጣው በሽታ ነው። በ1996 ዓ.ም. በባሌ፣ በዌብ ሸለቆ፣ የውሻ ዕብደት ገብቶ ከሥፍራው ቀበሮች የሚበዙትን ፈጅቷል።

ስለዚህ ደጋ ያለበትን ወረዳ የሚያስተዳድር ሹም ሦስት ነገር ሊያስብ ይገባዋል፤ አንደኛ፣ የገብስ እርሻ ወደ ሣሩ እንዳይወጣ ወሰኑን በምልክት ያስከልል፤ ሁለተኛ፣ የመንደሩ ውሾች እንዲከተቡ ያድርግ፤ ሦስተኛ፣ ሕዝቡ በራሱ ያቆመውን ደንብ የጣሰ ሰው ሲቀርብለት ፍርዱን አያዘግይ። ባላገር የሚጠቀምበትን ሣር ራሱ ይጠብቃል፤ የሹም ሥራም ይህን ጥበቃ ማጽናት ነው።