የደንገል ታንኳ ሲላላ

ሀብሩ ውስጥ ዝናቡ እርሻ ሲያስቆም ገበሬው ሞፈሩንና ምራኑን ይጠግናል። ጣና ሐይቅ ላይም ነፋስ ሲነሣ ባለታንኳው ዳር ይወጣና ታንኳውን ያያል።

ታንኳ የሚሠራው ከደረቀ ደንገል ነው። ደንገሉ በነዶ በነዶ ይታሰራል። ደንገል ግን ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ ከሥራ በኋላ ታንኳውን አውጥቶ በፀሐይ ማድረቅ ግድ ነው። የክረምት ችግሩ ይሄው ነው፤ ፀሐይ የለማ! የራሰ ታንኳ ይከብዳል፤ እህልና ሰው ሲጫንበት ዝቅ ይላል። ማሰሪያው ላልቶ ከተገኘም ገበያ ያመልጠኛል ብሎ መነሣት አደጋ ነው። ነፋሱ እስኪበርድ እዚያው ዳር ላይ አዲስ ደንገል ጨምሮ አጥብቆ ማሰር ይሻላል።

ማሰሪያ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ እንይ። በ1961 ዓ.ም. ቶር ሄየርዳል የተባለ የኖርዌይ ሰው ከጣና በሄደ ደንገል «ራ» የምትባል ትልቅ ታንኳ አሠራ። ከሞሮኮ ተነሥቶ የአትላንቲክን ውቅያኖስ ሊሻገር ገባ። የመሪው መቅዘፊያ ገና በጉዞው መጀመሪያ ተሰበረ፤ ባሕር ላይ እንዳሉ ጠገኑት። የታንኳዋ ኋላ ግን ውኃ እየጠጣ ዘመመ። ማዕበል ሲመጣ ማሰሪያው ተበጠሰ፤ ደንገሉም ይበተን ጀመር። ሰዎቹ በሌላ መርከብ ተረፉ። በ1962 ዓ.ም. በዚያው በጣና ደንገል ሌላ ታንኳ ተሠራች፤ አሁን ግን ጠብቃ ታሰረች። በሸራ ተጉዛ በ57 ቀን ባርባዶስ ደሴት ደረሰች።