ስለ አንጎል መናወጥና ስለ ዕረፍቱ
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



እጁ ተሰብሮ በጀሶ የታሠረለት ሰው ወደ መሥሪያ ቤቱ ቢመጣ፥ ጀሶው ይመሰክርለታልና «ለምን አልጻፍህም?» ብሎ የሚወቅሰው የለም። ከደረጃ ላይ ወድቆ ራሱን የተመታ ሰው ግን ጉዳቱ ስለማይታይ፥ አለቃው በማግሥቱ ከጠረጴዛው ፊት ይጠብቀዋል፤ እርሱም ራሱ መቅረቱን እንደ ስንፍና ይቆጥረዋል። ስለዚህ ይህ የማይታይ ጉዳት ምን እንደ ሆነና ዕረፍቱም እንዴት ሊሆን እንደሚገባው ጥቂት እናስረዳለን።

አንጎል በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ የተከበበ ለስላሳ አካል ነው። ራስ በኃይል በተመታ ጊዜ አንጎልም አብሮ ይናወጣል፤ የሕዋሳቱም ሥራ ለጊዜው ይዛባል። የተዛባው ሥራው ስለ ሆነ፥ ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ በሲቲ ስካን አይታይም። ይህ ምርመራ የሚደረገው በተለይ ደም አለመፍሰሱን ለማረጋገጥ ነው። እንግዲህ «ፎቶግራፉ ደኅና ነው» የተባለ ሰው ድኛለሁ ብሎ ሊቸኩል አይገባውም።

ራሱን ያልሳተ ሰው አልተጎዳም ማለትም ስሕተት ነው። ሐምሌ 6 ቀን 2006 ዓ. ም. በሪዮ ዴ ጃኔሮ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፥ የጀርመኑ ተጫዋች ክሪስቶፍ ክራመር በ17ኛው ደቂቃ ራሱን ተመትቶ ጨዋታውን ቀጠለ። ጥቂት ቆይቶም ይህ ጨዋታ የፍጻሜው እንደ ሆነ ዳኛውን ኒኮላ ሪዞሊን ጠየቀው፤ በ31ኛው ደቂቃም ከሜዳ ወጣ። እግሮቹ እየሮጡ፥ እርሱ ግን ያለበትን አያውቅም ነበር።

የተመታው ሰው ራስ ምታቱ እየባሰበት ከሄደ፥ ደጋግሞ ካስመለሰው፥ ንግግሩ ከተሳሰረ፥ እጅ እግሩ ከዛለ፥ ካንቀጠቀጠው፥ ወይም ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ሐኪም መርምሮ ካሰናበተው ግን እንቅልፍ አይከለከልም፤ በመጀመሪያው ሌሊት ብቻ አጠገቡ ሰው ይደር።

ዕረፍቱም መጠን አለው። ቀድሞ ሕመሙ ፈጽሞ እስኪለቅ በጨለማ ክፍል መተኛት ይታዘዝ ነበር፤ አሁን ግን ይህ ማገገምን እንደሚያዘገይ ታውቋል። በመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓቶች ከሥራ፥ ከከባድ ንባብ፥ ከስልክና ከቴሌቪዥን መራቅ ይገባል፤ በቤትና በግቢ ቀስ ብሎ መንሸራሸር ግን መልካም ነው። ከዚያ በኋላ ሥራውን በጥቂት በጥቂቱ ይጀምር፤ በመጀመሪያ ለአንድ ሁለት ሰዓት፥ ቀጥሎም ለግማሽ ቀን። ሕመሙ ከበረታበት ወደ ኋላ መለስ ይበል። እስኪሻለው ድረስ መጠጥ አይቅመስ፤ ሐኪም ሳይፈቅድለት መኪና አይንዳ፤ ሳያማክርም አስፕሪን አይውሰድ። ከሁሉ ይልቅ ዳግመኛ እንዳይመታ ይጠንቀቅ፤ ያልዳነ አንጎል ሁለተኛውን ምት አይችልምና።

አብዛኞቹ ሰዎች በሁለት ሳምንትና በአንድ ወር መካከል ይድናሉ። ከወር በላይ የቆየበት ግን ወደ ሐኪሙ ይመለስ።

እናንተም የመሥሪያ ቤት አለቆች የሆናችሁ፥ ራሱን ተመትቶ «ፊደሉ ይደበላለቅብኛል፥ ድምፅ ይረብሸኛል» የሚላችሁን ሠራተኛ እመኑት። ያለ ጊዜው ተመልሶ አኃዙን ያሳሳተ፥ የአንዱን ደብዳቤ በሌላው መዝገብ ያስገባ እንደ ሆነ፥ ለማረም የሚጠፋው ጊዜ ከዕረፍቱ ይበልጣል። አበው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ያሉት እንዲህ ላለው ነው።